በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል

ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። አያቶቻችን የእርግዝናን ልክ የሚያውቁት በዚህ ነው፤ የተማሩትም ከቤተ ክርስቲያን ነው። መጋቢት 29 ብሥራት፣ ታኅሣሥ 29 ልደት። ወሩን ሠላሳ ሠላሳ አድርጎ ለሚቆጥር ሰው በመካከሉ ዘጠኝ ወር አለ፤ አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ሲጨመሩበት 275 ቀን ይሞላል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ አንዲቱ ትርፍ ቀን ቆጠራውን እንዳታዛባው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። የአንዲት እናት የእርግዝና ቀን እንዳይጎድል፣ እንዳይተርፍ ሲባል ታላቁ በዓል በአንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። እርግዝናን ከዚህ በላይ ያከበረ የቀን አቆጣጠር አላውቅም።

ሐኪም ቤት የሚሰጠው ቀን ሌላ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ይቆጥራል፤ ስሌቱ የሚጠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነበረው ጀርመናዊ የማዋለድ ሐኪም በፍራንትዝ ኔግሌ ስም ነው። ጽንሱ የሚፈጠረው የወር አበባው ከታየ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑን 275 ቀን ወደ ሐኪሙ አቆጣጠር ብናመጣው 289 ይሆናል፤ 41 ሳምንት ከ2 ቀን። ሐኪሙ እርጉዟን "ቀንሽ ነው" ካላት ዕለት አያቷ "አሁን ሞላ" እስከሚሏት ዕለት ዘጠኝ ቀን አለ ማለት ነው። ሐኪሙ በሰጠው ቀን ልክ የሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ብዙ እናቶች፣ በተለይም የበኩር ልጃቸውን የያዙት፣ እነዚህን ዘጠኝ ቀኖች ያውቋቸዋል።

ከባድ ቀኖች ናቸው። ሆድ ወርዷል፣ እግር አብጧል፣ እንቅልፍ የለም። የገንፎው እህል ተለቅሞ ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል። ስልኩ አያርፍም። "አልተገላገልሽም እንዴ?" ይላል አንዱ፤ "ዛሬም አለሽ?" ትላለች ሌላዋ። የሚጠይቀው ሁሉ የሚጠይቀው በፍቅር ነው፤ ሲደጋገም ግን እርጉዟ ቀጠሮ ያፈረሰች ይመስላታል። ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለባት። እናቷ ሊያርሷት በርበሬውንና የገንፎ ዱቄቱን በሻንጣ ሞልተው ዋሽንግተን የደረሱት ሐኪሙ ለሰጠው ቀን ነው፤ የመመለሻቸው ቀን ተቆርጧል፤ ሳትወልድ ያለፈ እያንዳንዱ ቀን ከአራስነቷ የሚቀነስ ነው። በዚህ ጊዜ ምጡን ምን ያመጣዋል ብሎ መጠየቅ የትዕግሥት ማነስ አይደለም። እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

በእኛ ቤት ተልባ ከሁሉ ይቀድማል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ማር ገብቶበት ይቀርባል። የሚያቀርቡት ሴት ልጁ ተሟልጮ እንዲወጣ ነው ይላሉ። በጉሮሮ የወረደ ነገር ሕፃኑ በሚያልፍበት መንገድ አያልፍም፤ ይህን ማንም ሐኪም ይነግረናል። ተልባው ግን ከንቱ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሆድ ድርቀት ብዙ ሴቶችን ያሠቃያል፤ ተልባ ያላላዋል፣ ውሃም ያስጠጣል። ሌላም ነገር አለው። አንዲት ሴት ለሌላዋ ብላ እሳት ዳር ተቀምጣ ቆልታለች፣ ወቅጣለች፣ በጥብጣ አምጥታለች፣ ጠጥታ እስክትጨርስም አጠገቧ ትቀመጣለች። የዚህን መቀመጥ ዋጋ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለቡና የምናስነካው ጤና አዳም ግን እንደ ተልባ የዋህ አይደለም። ማኅፀንን እንደሚያነሣሣ ከጥንት የታወቀ፣ በብዛት ሲወሰድም የሚመርዝ ተክል ነውና ጨምቆ ለእርጉዝ ማጠጣት አይገባም። ጉሎም እንዲሁ። ዘይቱን ለማማጫነት መጠጣት በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች በዘይቱ ውስጥ ያለው አሲድ አንጀትንና ማኅፀንን በአንድ ዓይነት ተቀባይ በኩል እንደሚያኮማትር በአይጦች ላይ አሳይተዋል። እንግዲህ ልማዱ መሠረት አለው ማለት ነው፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚያው ነው። እናቲቱ በተቅማጥና በትውከት ደርቃ፣ ደክማ ምጥ ትገባለች፤ ቁርጠቱን ደግሞ መጥኖ የሚያቆመው የለም። ፍሬው ራሱ የሚገድል መርዝ ስላለው፣ ጉሎን ከጓሮ ለቅሞ ማጠጣት ፈጽሞ አይታሰብም። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ቃል ብዙ ሴቶችን ያለ ጥያቄ ያስጠጣቸዋል፤ በዚህ አዝናለሁ።

ስለ ተምር ያለው ወሬ የተሻለ ነው። በቁርኣን ሱረቱ መርየም ውስጥ ምጥ መርየምን ወደ ተምር ዛፍ ግንድ ያስጠጋታል፤ እሸት ተምርም እንድትበላ ይነገራታል። በዮርዳኖስ የተደረገ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመውለጃቸው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በየቀኑ ስድስት ተምር የበሉ 69 ሴቶችን ካልበሉ 45 ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። ከበሉት 96 በመቶው ምጣቸው በራሱ ጀምሯል፤ ካልበሉት 79 በመቶው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሴቶቹም በዕጣ አልተመደቡም። ሆኖም ስኳር ሕመም ለሌለባት እናት ስድስት ተምር የሚጎዳት ነገር የለውም።

ባልና ሚስት ቢተኙ ይፈጥናል የሚባለውም በዘር ፈሳሽ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ስላለ ነው፤ በማሌዥያ በተደረገ ሙከራ ግን ይህ የተመከሩት ካልተመከሩት ቀድመው አልወለዱም። የጡት ጫፍን ማሻሸት ኦክሲቶሲንን ስለሚያመነጭ የተሻለ ውጤት አለው፤ ሙከራዎቹ ተሰብስበው ሲታዩ የማኅፀናቸው በር አስቀድሞ የለሰለሰ ሴቶች በሦስት ቀን ውስጥ ምጥ የመጀመር ዕድላቸው ጨምሯል። በሩ ባልለሰለሰላቸው ግን ለውጥ አልታየም። እርግዝናቸው አስጊ በሆነ ሴቶች ላይ በተደረገው ሙከራም የሕፃናት ሞት ስላጋጠመ፣ ያለ አዋላጅ ምክር የሚሞከር አይደለም። መራመድም ምጥ እንደሚያመጣ ብርቱ ማስረጃ የለውም፤ ምጥ ከጀመረ በኋላ ግን ቆሞ መንቀሳቀስ የምጡን የመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ሰዓት ያህል እንደሚያሳጥር ታውቋል።

እነዚህን ሁሉ ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ነገር ነው፦ የሚረዳው ሁሉ የሚረዳው የተዘጋጀውን አካል ነው። ታዲያ አካሉን ማን ያዘጋጀዋል? ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ግራሃም ሊጊንዝ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ጥያቄ ወደ በጎች ወሰደው። በሽሉ አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ስትጠፋ እናቲቱ በግ ቀኗ አልፎ ሳትወልድ ትቆያለች፤ ለሽሉ ኮርቲሶል ሲሰጠው ደግሞ ያለ ጊዜዋ ትወልዳለች። የምጡን ሰዓት የሚቆርጠው ግልገሉ ነበር። ሊጊንዝ በዚያው ሌላ ነገር አስተዋለ፦ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ግልገሎች ሳንባቸው አየር መያዝ ችሏል። ዛሬ ያለ ቀኗ ምጥ ለያዛት እናት የሚወጋው የሕፃኑን ሳንባ የሚያበረታ መርፌ የተገኘው ከዚህ ነው። ሰው እንደ በግ አይደለም፤ በእኛ ውስጥ የእንግዴ ልጁም ድርሻ አለው። በቴክሳስ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር ግን የሽሉ ሳንባ ለመተንፈስ ሲዘጋጅ ወደ ሽርት ውሃው የሚለቀው ፕሮቲን ምጥን እንደሚያነሣሣ ጠቁሟል። ይህ እውነት ከሆነ፣ መምጫውን አስቀድሞ የሚያሳውቀው ገና ያልተነፈሰው ልጅ ነው። ባልና ጎረቤት፣ ተልባና መራመድ፣ ሁሉም ከእሱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በቀኗ ያልወለደች ሴት የጎደላት ነገር ያለ ሊመስላት አይገባም።

ከአካሉ ውጭ ያለው ሥራ ግን ትንሽ አይደለም፤ ወደ ተልባዋ ሴት የምመለሰውም ለዚህ ነው። ፍርሃት አድሬናሊንን ያመነጫል፤ አድሬናሊን በበዛ ጊዜ ማኅፀን ይደክማል፣ ጀምሮ የነበረው ምጥ ይቀዘቅዛል። ምጥ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ በጨለማና በጸጥታ የሚጀምረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 26 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ከጎናቸው የማይለይ ደጋፊ የነበራቸው ሴቶች ምጣቸው አጠር ብሏል፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱትም አንሰዋል። የመንደር ሴቶች ምጥ ወደገባበት ቤት ገብተው "ማርያም ማርያም" እያሉ ወገብ ሲደግፉ የሚያደርጉት ይህን ነው። በየሐኪም ቤቱ እናትና እህት ከበር ውጭ ቀርተው ምጥ የያዛት ሴት ለብቻዋ ስትገባ ሳይ ይቆጨኛል። ዋጋ የማይጠይቀውን፣ ከጉሎ ይልቅ የተመሰከረለትን ረዳት በር ላይ አስቀርተናል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን "ጠብቂ፣ ልጁ ያውቃል" ብዬ ልተዋት አልችልም። መጠበቅ ወሰን አለው። በስዊድን 14 ሆስፒታሎች ውስጥ 2,760 ሴቶችን በሁለት የከፈለ ሙከራ ነበር፤ ግማሾቹ በ41 ሳምንት ምጣቸው በሐኪም እንዲጀመር ተደረገ፣ ግማሾቹ እስከ 42 ጠበቁ። ከጠበቁት ወገን ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ ከሌላው ወገን አንድም አልሞተም። ሙከራው ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ፤ ውጤቱም በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። የእንግዴ ልጁ ሲያረጅ ለልጁ የሚያቀብለው ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ልጁ ዝም ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀኗ በእርግጠኝነት የታወቀ እናት 41 ሳምንት ስትሞላ ምጧ በሐኪም እንዲጀመር የሚመክረው ለዚህ ነው። የአያቶች 275 ቀን በሐኪሙ አቆጣጠር 41 ሳምንት ከ2 ቀን ላይ ማረፉን ያገኘሁ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱ ቆጠራዎች የሚገናኙት የመጠበቂያው ወሰን አካባቢ ነው።

ወሰኑ የሚታወቀው ግን መነሻው ሲታወቅ ነው። በገጠር ብዙ ሴቶች የሚቆጥሩት በበዓል ነው፤ "ከጥምቀት ወዲህ አላየሁም" ትላለች። አዋላጇ ይህን ንቃ ካለፈችው ትልቅ ነገር ጠፋ፤ ጽፋ ከያዘችው ጥሩ መነሻ ነው። ከ24 ሳምንት በፊት የሚነሣ አልትራሳውንድ ቢጨመርበት ደግሞ ቀኑ ይጠራል። በዘጠነኛው ወር የተነሣ አልትራሳውንድ ግን ቀን በመገመት ረገድ በሳምንታት ሊሳሳት ስለሚችል፣ "ቀንሽ አልፏል" የሚለውም "ገና ነሽ" የሚለውም ከዚያ ብቻ ሲመጣ ያሳስበኛል።

በነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ውስጥ ያለሽ እህቴ፣ ደስ ካለሽ ተራመጂ፣ ተልባሽን ጠጪ፣ ተምሩንም ብዪ። በ41 ሳምንት ሐኪም ቤት የምትገኚበትን ቀን ዛሬውኑ አስጽፊ። አዋላጇ በምርመራ ጊዜ የሽርት ውሃውን ከረጢት ከማኅፀኑ በር ዙሪያ በጣቷ በቀስታ ልታላቅቅልሽ ትችላለች፤ ይህ ምጡ ያለ መድኃኒት እንዲጀምር ከሚረዱት ሁሉ በተሻለ የተመሰከረለት ነው። የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስብሽ፣ ደም ብታዪ፣ ውሃው ቢፈስ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን መጨለም ጋር ቢመጣብሽ፣ ቀኑን ሳትቆጥሪ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ሩቅ ላለችው ደግሞ ሂጂ ማለት ብቻ አይበቃም። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል መንገዱ ርቋቸው፣ እርግዝናቸውም አስግቶ የሚመጡ እናቶች ምጣቸው እስኪደርስ የሚቀመጡበት ማቆያ ካቋቋመ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት 22 ዓመታት እዚያ ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805 የሚሆኑት በማቆያው በኩል ያለፉ ናቸው። ከነዚህ የሞቱት ከ100,000 በዘጠና ሒሳብ ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ግን ከ1,300 ያልፋል። ከቤት የሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸ በኋላ ስለሚደርሱ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም፤ ምጡ ሳይበላሽ ሐኪም አጠገብ መሆን ግን ራሱ የማቆያው ሥራ ነው። እነዚያ ሴቶች ምጡን ለማፋጠን የመጡ አይደሉም። ምግባቸውን እያበሰሉ፣ እየተጨዋወቱ፣ ማታ ማታ የሌላዋን ሆድ እየጠየቁ ይጠብቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዷን ሲጀምራት ሐኪሙ ቅርብ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያ አለ፤ ምግብና ብርድ ልብስ የጎደለበት ባዶውን ይቀራል፣ የአካባቢው ሰው ጤፍና ሽሮ የሚያዋጣለት ደግሞ ሴቶች ይገቡበታል።