ፉከራ ያነሣው ዱላ የማን ነው?

ድምፅ ሰው ለመታው ዱላ ተጠያቂ ይሆናል ወይ? ጥያቄው ከፍልስፍና መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። እኔን ያገኘኝ ግን ደቅ ላይ፣ ሠርግ ዳስ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርሁ። ዳሱ ሞቅ ሲል «እስቲ ተማሪው ይፎክርልን!» አሉኝ። ምን ቸገረኝ፣ አወረድሁት። ጭብጨባውና እልልታው ጣፈጠኝና ጨመርሁበት። ይሄኔ በእርሻ ወሰን ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ አንድ ዘመዴ ብድግ ብሎ ዱላውን በሰውየው ትከሻ ላይ አሳረፈው። በማግሥቱ ለሽምግልና ስንቀመጥ «እኔ እኮ ፎከርሁ እንጂ ማንንም አልነካሁም» አልሁ። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ የመታው እሱ ነው፤ ዱላውን ያነሣኸው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ግቢ ከተመለስሁ በኋላ ጓደኛዬ አታሪ ቲንኤጅ ራዮት የሚባል የጀርመን ባንድ አሰማኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 በርሊን ውስጥ የተመሠረተ ነው። የፓንክን ጩኸት ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያጋጫል። ወቅቱ ናዚዎች የስደተኞችን መኖሪያ ያቃጥሉ የነበረበት ነበርና ልጆቹ ጠላታቸውን በስሙ ጠርተው ጮኹ። በ1999 የሠራተኞች ቀን በበርሊን ሰልፍ ላይ ሲጫወቱ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሥቶ ታሰሩ። ታዲያ ይህ ፉከራ አይደለም? ነው እንጂ!

ከእኛ ዘንድ ደግሞ ጌታቸው መኩሪያ አለ፤ በ2016 ያረፈው፣ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ለሳክስፎን የሰጠው። በስተርጅናው የተጣመረው ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር ነው። በ1979 የተነሡት እነዚህ አናርኪስቶች ንጉሥም መንግሥትም አንሻም ባዮች ናቸው። በ2006 አብረው ያወጡት አልበም ግን ስሙ «ሞአ አንበሳ» ነው፤ የነገሥታቱ መፈክር! ሆኖም ሳክስፎኑ ወኔውን እንጂ የጠላትን ስም አይናገርም።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ፤ ጠላትን ሰይሞ መጮህና ሳይሰይሙ መጮህ። መጀመሪያ ሁለተኛው ንጹሕ መሰለኝ። ግን የእኔም ፉከራ ማንንም አልሰየመም ነበር እኮ! ባዶውን ቦታ ዘመዴ በጎረቤቱ ስም ሞላው። ስም የሚጠራ ሰው ቢያንስ «ለምን እሱን?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ግን «ማንንም አላልሁም» ብዬ ከበስተኋላ ተደበቅሁ።

ታዲያ የጌታቸው ሳክስፎንም ጥፋተኛ ነው? አይደለም። ልዩነቱ ዳሱ ላይ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የወሰኑን ጠብ አውቅ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት መቀመጣቸውንም አይቻለሁ። እልልታው በለጠብኝ። ጥፋቴ መፎከሬ ሳይሆን እያወቅሁ መፎከሬ ነው።

«እንግዲያማ ኪነት አፉን ይዝጋ» የሚል አይጠፋም። አልልም። ቤት ሲቃጠል የበርሊን ልጆች ዝም ቢሉ ኖሮ ዝምታቸውም ያስጠይቃቸው ነበር። እኔ የምለው፣ ድምፅህን ከማውጣትህ በፊት ዳሱን ዙሪያውን እይ፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ዱላው የት እንደተደገፈ። ካወጣኸው በኋላም አትሂድ፤ የተነሣውን ዱላ ለመያዝ ቅርብ ሁን።

የካሣውን ግማሽ እኔ ከፈልሁ። ሽማግሌዎቹ አላስገደዱኝም። እናንተስ ብትሆኑ ትከፍሉ ነበር?