የወደቀውን ከባለቤቱ ጋር ማንሣት



መኪና በጉዞ ላይ መበላሸቱ በራሱ ትልቅ ነገር አይደለም። ብረት ነውና ይበላሻል፤ ገንዘብ ከተገኘም ይጠገናል። ሆኖም በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር፣ መኪናው ከተጠገነ ወይም ከተሸጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ ያቺን ቀን ሲያነሡ ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የሚያስታውሱት ለጋራዡ የከፈሉትን ገንዘብ አይደለም። የሚያስታውሱት በዚያች ሰዓት ማን አይቷቸው እንዳለፈ፣ ማን እንደቆመላቸው፣ የቆመላቸውም ሰው እንዴት አድርጎ እንዳነጋገራቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሞተር ብቻ ሳይሆን የሰው ክብርም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ የቆመን ሰው መርዳት ማለት በእርግጥ ምን ማለት ነው? እርዳታ መቀበልስ ውርደት ነውን?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በማናችንም ቤት ሊደርስ የሚችል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕለቱ ዓርብ ነው። አንድ ቤተሰብ ሰንበትን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ከቂርያት ማላኺ ተነሥቶ ወደ ነታንያ ይጓዛል። አባት ይነዳሉ፤ እናትና አያት ከሕፃኑ ጋር ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የ12 ዓመቷ ልጅ ከአባቷ አጠገብ ናት። ቴል አቪቭን በሚያቋርጠው በአያሎን አውራ ጎዳና ላይ ሲደርሱ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ይወጣል፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል። አባት እንደምንም ወደ ቀኝ ዳር አውጥተው ያቆማሉ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የቆመው መኪና ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሰንበት ሊገባም የቀረው ሰዓት ጥቂት ነው።

አባት ወደ ቢቱዋሕ ይደውላሉ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ በጥድፊያ ዕብራይስጥ የት ናችሁ፣ ከየትኛው መሕላፍ በኋላ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ስንት ነው እያለች ትጠይቃለች። አባት በኡልፓን የተማሩት ዕብራይስጥ እቤት ረጋ ብለው ሲናገሩት ይመጣላቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን ይጠፋባቸዋል። ስልኩን ለልጃቸው ይሰጧታል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ጎታቹ መኪና፣ ማለትም ግራሩ፣ ይደርሳል። ሹፌሩ ከልጅቱ ጋር ማውራት ይጀምራል። መኪናው የት እንደሚወሰድ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ ሁሉም ነገር በሹፌሩና በልጅቱ መካከል ያልቃል። መኪናው ተነሣ፤ አባት ግን እዚያው ቀሩ።

ወደ ጥያቄያችን ከመግባታችን በፊት ከሁሉ የሚቀድመውን እንናገር። ነፍስ ትቀድማለች። መኪናው መድከም እንደጀመረ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን ማብራት፣ ከተቻለ በሚቀጥለው መውጫ ከአውራ ጎዳናው መውጣት፣ ካልተቻለም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ መጠጋት ይገባል። ሕጉ በየመኪናው እንዲኖር የሚያዘውን አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ መኪኖች በሚያልፉበት በኩል ሳይሆን በቀኝ በር መውረድና ከመከላከያው ብረት ማዶ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። በቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው። መኪናው መሐል መንገድ ላይ ከቀረ ወይም ቦታው የሚያሰጋ ከሆነ በ100 ለፖሊስ መደወል ነው። በአውራ ጎዳና ዳር ላይ ጎማ መቀየር ወይም ሞተር መነካካት አይገባም። የጋለ ሞተር የራዲያተር ክዳንም እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይከፈትም፤ የፈላው ውኃ ተወርውሮ ፊትና እጅ ያቃጥላልና። መኪና ይተካል፤ ሰው አይተካም።

አሁን ወደሚያልፈው ሰው እንምጣ። ያ ቤተሰብ በቆመበት ሰዓት ውስጥ በአጠገቡ በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ ክፉዎች ናቸውን? ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ፣ በፕሪንስተን ከሚገኝ የሃይማኖት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎችን ወስደው፣ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ስለረዳ መንገደኛ ነበር። በሚሄዱበት መንገድ ላይ አንድ ሰው ተደፍቶ እንዲያቃስት ተደረገ። ጊዜ ከነበራቸው ተማሪዎች መካከል 63 በመቶ ያህሉ ሰውየውን ለመርዳት ሞከሩ። እጅግ ዘግይታችኋል ከተባሉት መካከል ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚናገሩበት ርእስ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ሰውን ከሰው የለየው ይበልጡን ጥድፊያው እንጂ እምነቱ ወይም እውቀቱ አልነበረም።

ይህን የማነሣው አላፊውን ነጻ ለማውጣት ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ አባት ብዙ ጊዜ የሚያስበውን ስለማውቅ ነው። «ጥቁር ስለሆንን ነው ያለፉን» ይላል። ዘረኝነት በዚህ አገር የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባየነው ጊዜም ዝም ማለት አይገባንም። ነገር ግን ባለፈን መኪና ሁሉ ላይ ይህንኑ ፍርድ ብንፈርድ፣ ፍርዱ የሚከብደው በሄደው ሰው ላይ ሳይሆን በቆምነው በእኛና በሚሰሙን ልጆቻችን ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ያለፈው ስለቸኮለ ነው። እኛም በሌላ ቀን ቸኩለን እናልፋለን።

ታዲያ ማለፍ በደል አይደለም ማለት ነውን? በአውራ ጎዳና ላይ በ90 ወይም በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው በድንገት ቢቆም ራሱንም ሌላውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ያልቆመ ሁሉ በደለ አይባልም። ሆኖም መቆም አልችልም ማለትና አይመለከተኝም ማለት አንድ አይደሉም። አብሮት የተቀመጠ ሰው ካለ ያ ሰው ለፖሊስ ደውሎ ቦታውን ይንገር። በዚህ አገር ዬዲዲም፣ ማለትም ወዳጆች፣ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት አለ፤ ስልኩ 1230 ነው። ባትሪ ለሞተበት፣ ጎማ ለተነፈሰበት፣ ሕፃን መኪና ውስጥ ለተቆለፈበት ሰው ያለ ክፍያ ይደርሳሉ። ባሉበት ሆነው ስልክ ጠብቀው ለማያውቁት ሰው የሚነሡ ሰዎች መኖራቸው፣ በጥድፊያ ዘመንም መልካምነት ሥርዓት ከተበጀለት እንደሚሠራ ያሳያል።

ስለ መንገድና ስለ ወደቀ ሸክም ግን ከማንም በፊት የተናገረችው ኦሪት ናት። የወንድምህ አህያ ወይም በሬ መንገድ ላይ ወድቆ ብታይ አላየሁም ብለህ አትለፍ፣ ከእርሱ ጋር ሆነህ አንሣው ትላለች። ይህ ሕግ በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ይገኛል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 ደግሞ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ቢወድቅ እንኳ ትተኸው እንዳትሄድ ታዛለች። በእነዚህ ሕግጋት ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ትንሽ ቃል አለ፤ ይኸውም «ከእርሱ ጋር» የሚለው ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በተሰበሰበው በሚሽና፣ ባቫ ሜጺዓ በተባለው ክፍል፣ ሊቃውንቱ ይህን ቃል ተርጉመውታል። ባለቤቱ ሄዶ ቁጭ ብሎ «ትእዛዙ በአንተ ላይ ነውና ከፈለግህ አንተ አራግፈው» ቢል፣ መንገደኛው ከግዴታው ነጻ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ከሆነ ግን መንገደኛው ብቻውንም ቢሆን መርዳት አለበት።

ይህ ሕግ ሁለቱንም ወገን ይዳኛል። መንገደኛውን «አትለፍ» ይለዋል። የወደቀበትንም ሰው «አትቀመጥ» ይለዋል። ሁለቱም ትከሻቸውን በአንድ ሸክም ሥር ያደርጋሉ። በዚያች ሰዓት ሰጪና ተቀባይ፣ ጌታና ለማኝ የለም፤ የሚነሣ ሸክምና ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እንግዲህ እርዳታ መቀበል ውርደት የሚሆነው መቼ ነው ብትሉኝ፣ የሚረዳን ሰው «ከእርሱ ጋር» የሚለውን ቃል ሲረሳው ነው እላለሁ። እኛ ራሳችን ስንረሳውም እንዲሁ ነው።

ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በጎንደር ገጠር ደቦ የጠራ ገበሬ ሰዎቹ ሲያጭዱለት ከጥላ ሥር አይተኛም፤ ከፊት ሆኖ ያጭዳል፣ ቤተሰቡም ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል። ነገ ደግሞ እርሱ በተራው ይሄዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡት ወላጆቻችን መንገድ ላይ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። የደረሱት ደግሞ ሕፃኑን በጀርባ፣ የደከመውን ደግፈው የደረሱ ናቸው። ከእነዚያ ተጓዦች መካከል «መረዳቴ ውርደት ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም።

በዚህ ቃል ያን የዓርብ ምሳሌ እንመዝነው። ግራሩ መጥቶ መኪናውን አንሥቷል፤ ስለዚህ እርዳታው ደርሷል። ነገር ግን ሹፌሩ ያነጋገረው ባለቤቱን አይደለም። ክፋት አስቦም አይደለም፤ ቸኩሏል፣ ልጅቱ ደግሞ ዕብራይስጡን ታቀላጥፈዋለች። ልጅቱም አባቷን ለመናቅ አልፈለገችም፤ ልትረዳ ነው የፈለገችው። ሆኖም በዚያ ቀን ቤቱን የመራችው እርሷ ሆነች። ይህ በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት ሲደጋገም ልጅ የወላጆቿ አፍ መሆኗ ቀርቶ የወላጆቿ አለቃ ትሆናለች፤ ሸክሙም ለ12 ዓመት ትከሻ ይከብዳል። ወላጅም «እኔ ምን አውቃለሁ» እያለ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ማለት ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ አልታዘዝም ስትል የምንገረምበት ምክንያት አይኖርም።

ስለዚህ መፍትሔው ልጅ አታስተርጉም ማለት አይደለም፤ በችግር ሰዓት ሌላ ሰው አይገኝምና። መፍትሔው ቃሉን ለልጅ፣ ውሳኔውን ለወላጅ ማድረግ ነው። አባት ከልጃቸው አጠገብ ይቁሙ። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ እርሳቸው ይመለስ፤ መልሱም ከእርሳቸው ይውጣ። ለሹፌሩ «ለአት፣ ቤቫካሻ»፣ ማለትም «ቀስ ብለህ፣ እባክህ»፣ ማለት ነውር የለበትም። የቢቱዋሑ ስልክ፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ የቤቱ አድራሻ በዕብራይስጥ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በመኪናው ውስጥ ቢቀመጥ፣ ጭንቀት ቋንቋ በሚነጥቅበት ሰዓት ወረቀቱ ይናገራል። ልጅቱም ስትጨርስ «ተባረኪ፣ አግዘሽኛል» ትባል። አግዘሽኛል ማለት ሥራው የእኔ ነበር፣ አንቺም ከእኔ ጋር አነሣሽው ማለት ነው።

የምንረዳው ሰዎችም፣ ማለትም ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነርሶችና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለንም። ወረቀቱን ሞልተን፣ ስልኩን ደውለን፣ ጉዳዩን ጨርሰን «በሉ ሂዱ» ማለት ይቀለናል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ሰውየው ወጥቶ ሲሄድ ስለ ራሱ ጉዳይ ምንም የማያውቅ ከሆነ አህያውን አንሥተን ባለቤቱን ጥለነዋል። በሌላ በኩል «ራሱ ይማር» እያልን የደከመውን ሽማግሌና የታመመችውን እናት ከቢሮ ወደ ቢሮ ማንከራተትም ሕጉን መርሳት ነው። ሊቃውንቱ ለሽማግሌና ለበሽተኛ ብቻህንም ቢሆን አንሣ ያሉት ይህን አይተው ነው። ማን መቆም እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ የረዳቱ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ቢቆም አትፈሩ፤ ሰዎቻችሁን ከመንገዱ አርቁ፣ ደውሉ፣ ለምኑ ሳይሆን ጠይቁ። የሚመጣውን ሰው በክብር ተቀበሉ፤ አጠገቡም ቁሙ። ሌላው ቆሞ ብታዩ ደግሞ ቢያንስ ስልክ ደውሉለት። መርዳት ከቻላችሁም ከባለቤቱ ጋር አንሡ።