ፊት የደረሱትና ኋላ የቀረነው

ንባብ፦ ዕብራውያን ከ11፥39 እስከ 12፥15



ለሁለት ወር ያህል ከመካከላችሁ ጠፍቼ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ናይሮቢ ሲላኩ አስታማሚ ሆኜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። የመውጫ ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልጽፍም። በሎድዋር በኪታሌ አድርገን፣ ቀንና ሌሊት አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን፣ የካኩማን አቧራ ከላያችን ሳናራግፍ ኢስሊ ገባን። ያረፍንበት ቤት አንድ ወጣት ነበር፣ ጌታን የሚወድ፣ ሩጫም የሚወድ። አንድ ማታ “ወንጌላዊ፣ ቅዳሜ የሰፈር ሩጫ አለ፣ አስመዝግቤሃለሁ” አለኝ። ልብ በሉ፣ ላስመዝግብህ ወይ አላለኝም።

ናይሮቢ ሰው ይሮጣል። በጥቅምት መጨረሻ የሚደረገው ትልቁ ማራቶን እሑድ ስለሆነ አገልግሎት ላለበት ሰው አይመችም። ይሄኛው ግን ቅዳሜ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ የሰፈር ክሊኒክ ገንዘብ ለማሰባሰብ። አስተማሪ አለ፣ የማታቱ ሹፌር አለ፣ አትክልት ሻጭ አለ፣ ከነልጆቹ የመጣም አለ። ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚሰካ ቁጥር ሲሰጡኝ ሳቄ መጣ። ለእኛ ቁጥር ብርቃችን አይደለም እኮ! የራሽን ካርድ ቁጥር አለን፣ የፋይል ቁጥር አለን፣ የብሎክ ቁጥር አለን።

መነሻው ላይ ልጁ “ይሄ ወንድሜ ከኢትዮጵያ ነው” ብሎ አስተዋወቀኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያየኝ ሁሉ በሌላ ዓይን ሆነ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ የሚሮጥ ይመስላቸዋል። አንዱ “ሃይሌ!” ይለኛል፣ ሌላው “ቀነኒሳ!” ይለኛል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ የሮጥኩት ጄሪካን ይዤ ቦኖው ጋ ተራ ለመያዝ ብቻ ነው። ግን ስሙ አሞቀኝ። ፊሽካ ሲነፋ ከፊተኞቹ ጋር ተስፈነጠርኩ።

አንደኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ አፌ ደረቀ። ሦስተኛው ላይ ጎኔን ወጋኝ። ናይሮቢ ደጋ ነው፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከካኩማ ቆላ ሄዶ እዚያ መሮጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰው እያለፈኝ ይሄድ ጀመር። እኔም ያለፉኝን መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አንድ ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች አለፈችኝና መቁጠሩን ተውኩት።

ይሄ መቁጠር ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም። አሁን የምጽፈው ከብዶኝ ብዙ ቀን አቆይቼዋለሁ፤ ግን እኔ ሳልናገር እናንተን ንስሐ ግቡ ማለት ስለማይሆንልኝ ልንገራችሁ።

ወደ ካምፑ በአንድ ሳምንት የገባን ጓደኛ ነበረኝ። አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል፣ ከአንድ ሳህን በልተናል፣ ሌሊት ተነስተን አብረን ጸልየናል። አንድ ቀን የእሱ ስም ሰሌዳ ላይ ወጣ። የእኔ አልወጣም። የሽኝቱን ጸሎት የመራሁት እኔ ነኝ፣ እጄን ጭኜ የባረክሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን ውስጤ አንድ ነገር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሚሄደውን ሁሉ መቁጠር ሆነ ሥራዬ። ይሄ ከእኔ በኋላ የመጣ ነው፣ የዚያ ችግር ከእኔ ያነሰ ነው፣ ያኛው ጭራሽ ጌታን አያውቅም እያልኩ። ጓደኛዬ ይደውላል፣ አላነሳም። የበረዶ ፎቶ ይልካል፣ “ሊያሳየኝ ነው” እላለሁ። አንዴ 100 ዶላር ላከልኝ። ተቀበልኩ። “ደረሰኝ” ብዬ ጻፍኩለት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ይሄ ሁሉ ሲሆን በየሳምንቱ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ፍቅር እሰብክላችሁ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።

በዚህ ልብ 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24ን ሰብኬላችሁ ነበር፣ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ብዙዎች ቢሮጡም ሽልማቱን የሚወስደው አንዱ ነው የሚለውን ይዤ ስጮህ፣ በልቤ የማየው ያንን ሰሌዳ ነበር። ጳውሎስ ግን እዚያው ላይ የሚናገረው ለጉባኤው በሙሉ ነው፤ ሁላችሁም እንደሚያገኝ ሰው ሩጡ ነው የሚለው። የሚጠብቀውም አክሊል የማይጠፋ ነው። አንዱ ስለወሰደው ለሌላው የሚጎድል አይደለም። እኔ ግማሹን ነበር የሰበክሁት።

ወደ ሩጫው ልመለስ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እግሬን ሸመቀቀኝና መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ሁሉም አለፈ። አንዲት ሴት ግን ቆሙ። የልጅ ልጅ ያዩ፣ ኬንያዎች “ሾሾ” የሚሏቸው ዓይነት እናት ናቸው። “ፖሌ፣ ፖሌ” አሉኝ። ስዋሂሊዬን ታውቁታላችሁ፤ አይዞህ ማለታቸው ይሁን ቀስ በል ማለታቸው እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱም ያስፈልገኝ ነበር። ባቴን አሹልኝ፣ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ፣ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ አብረውኝ በእግር ሄዱ። በየመሐሉ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። በኋላ እንደገባኝ፣ ሾሾ በየዓመቱ ይሮጣሉ፣ የሚሽቀዳደሙትም ከአምናው ሰዓታቸው ጋር ነው። ዘንድሮ በእኔ ምክንያት ዘገዩ። አንድም ጊዜ ግን ተወኝና ልሂድ አላሉም።

መጨረሻው አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ለመኪና ሊከፈት ነው፣ ማታቱዎች ከኋላ ጡሩምባ ይነፋሉ። ተጠናቋል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ቀና ስል ግን መንገዱ በሁለት ወገን በሰው ተሞልቷል። እነማን መሰሏችሁ? ቀድመውኝ የገቡት ናቸው! ሜዳሊያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ወደ ቤታቸው ሳይሄዱ ቆመው ያጨበጭባሉ። ባለ ጋሪዋ እናት አለች፣ “ሃይሌ!” ያለኝም አለ። እኔ ጀርባቸውን እያየሁ ስቆጥራቸው የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው እኔን ይጠብቃሉ።

ያን ማታ ዕብራውያንን ገለጥኩ። ምዕራፍ 12 ሲጀምር እንደ ደመና ስለከበቡን ምስክሮች ይናገራል። እነዚህ ምስክሮች ምዕራፍ 11 ላይ የተጠቀሱት ናቸው፦ በድንኳን የኖረው አብርሃም፣ ከግብፅ የሸሸው ሙሴ፣ በምድረ በዳና በዋሻ የተንከራተቱት። እንደ እኛ ስደተኞች ናቸው። ምዕራፍ 11 መጨረሻውን አስተውሉት፤ እነዚያ ሁሉ በእምነታቸው ቢመሰከርላቸውም የተስፋውን ቃል አላገኙም፣ ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር ስለ እኛ የተሻለ ነገር አዘጋጅቷልና ይላል። አብርሃም እኛን ይጠብቃል! ቀዳሚው ያለ ኋለኛው ሩጫውን አልዘጋም። እንዲህ ያለ ውድድር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ደግሞ ወደ ታች ንባቡን አታቋርጡ። እኛ ቁጥር 1 እና 2ን ቲሸርት ላይ እንጽፋለን፣ ከዚያ መጽሐፉን እንዘጋለን። ቁጥር 12 ላይ የዛሉ እጆችና የደከሙ ጉልበቶች አሉ። ቁጥር 13 ላይ የሚያነክስ ሰው አለ፣ መንገዱ ይቅናለት፣ እንዲፈወስ እንጂ ይባስ እንዳይጎዳ ይላል። ሾሾን አስታወስኩ። ቁጥር 14 ከሰው ሁሉ ጋር ሰላምን ተከታተሉ ይላል። ቁጥር 15 ላይ ደረስኩና ቆምኩ። እዚያ ላይ መራራ ሥር አለ፤ ከበቀለ ብዙዎችን ያረክሳል። እኔ ደግሞ ሰባኪ ነኝ፣ የእኔ መራራ ሥር ወደ ስንቶቻችሁ ቤት እንደገባ ጌታ ያውቃል።

ያረፍንበት ወጣት ዝም ማለቴን አይቶ ስለ ስደተኞቹ ሯጮች አነሳልኝ። ናይሮቢ አጠገብ ንጎንግ ላይ ቴግላ ሎሩፔ ያሠለጠነቻቸውን ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከተሰለፉት 10 የስደተኞች ቡድን አባላት አምስቱ ከእኛው ከካኩማ የወጡ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ፤ ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስድስተኛው ሯጭ የእኛ አገር ሰው ዮናስ ክንዴ ነበር። ሉክሰምበርግ በስደት ሆኖ ያሸንፍ ነበር፣ ዜግነት ግን ስላልነበረው ለዚያ አገር መሰለፍ አልቻለም። ሪዮ ላይ ማራቶኑን 90ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሰማንያ ዘጠኝ ሰው ቀድሞታል፤ እኔ እሱን ሳስብ ግን ቁጥሩ አያሳፍረኝም፣ ደስ ይለኛል። ለራሴ ሲሆን ለምን አርባ አንዱን ቆጠርኩ?

ካናዳ ወይ አውስትራሊያ የሩጫው መጨረሻ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። መንግሥተ ሰማያት በአውሮፕላን አይኬድም። እንዲያውም የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ ጓደኛዬን የገባ፣ የጨረሰ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተስ? እኅቴ፣ አንቺስ? ስሙ ሰሌዳ ላይ ከወጣ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የነፈጋችሁት ሰው አለ? ስልካችሁ ውስጥ ያልተከፈተ መልእክት አለ? ይሄን ወረቀት ወደ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ስሙን ለጌታ ጥሩለት። ጸሎቱ ካስቸገራችሁ እኔ ጋ ኑ፣ አብረን እንጸልያለን፤ እኔም እንደ እናንተው ነኝ።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ደወልኩለት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም። ከዚያ የሚሠራው ሌሊት በሥጋ ፋብሪካ እንደሆነ፣ ጣቱን ማሽን እንደጎዳው፣ በአማርኛ የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሁለት ሰዓት እንደሚርቀው ነገረኝ። “በረዶውን የምልክልህ ሌላ የማሳየው ሰው ስለሌለኝ ነበር” አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ስለ ሩጫው ስነግረው ስንተኛ እንደወጣሁ ጠየቀኝ።

“ከሾሾ ኋላ” አልኩት።

“ኢትዮጵያዊ ሆነህ?” ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ሒሳቤ እስኪያልቅ ድረስ ሳቁን ሰማሁት።