ስለ እርጅናና ስለ መታረም

ሰው ወይም ዕቃ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ዓመት ቈጥረን እንመልሳለን። እኔም እስከ ስድሳ አምስት ዓመቴ ድረስ የማስበው እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር አሮጌውን ላፕቶፕ ኮምፒዩተሬን ከአንድ ወጣት ጎረቤቴ ጋራ ስናድስ፣ ስለ እርጅና የነበረኝ አሳብ ተለወጠ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ነገሩ ለእናንተም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ላፕቶፑን የገዛችልኝ ልጄ ናት። ዕድሜው ከዐሥር ዓመት ያለፈ ቢሆንም አካሉ ደኅና ነው፤ ክዳኑ አልላላም፣ ከፊደሎቹም አንድ አልጠፋም። ነገር ግን ኮምፒዩተር ከአካሉ ሌላ የሚመራው ሥርዐት አለው፤ ይህንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። ሥራው እንደ ቤት አዛዥ ነው፤ ጽሑፉን ከተቀመጠበት ያወጣል፣ ማተሚያውን ያዝዛል፣ ከውጭ የሚመጣውንም እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል። የእኔው ዊንዶውስ 7 የሚባለው ነበር። ይህን የመሰለ ሥራ ከስሕተት ስለማይጠራ ሠሪዎቹ ጉድለቱን እየመረመሩ እርማት ይልኩለታል። ለዊንዶውስ 7 ይላክ የነበረው መደበኛ እርማት ግን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ሌባ አዲስ ቀዳዳ ቢያገኝበት እንደ እኔ ላለው ተራ ሰው መጥቶ የሚደፍንለት አልነበረም።

ይህን ልጄም ጎረቤቴም ደጋግመው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን «ዕቃው የራሴ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» እያልሁ እምቢ አልሁ። በመጨረሻ በሰፈራችን ያለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳነብላት በፍላሽ አምጥታ ሰጠችኝ። አንብቤ መለስሁላት። በማግስቱ እያለቀሰች መጣች፤ ለካ በእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ ሳላውቀው የኖረው ቫይረስ በፍላሹ ተሻግሮ ፋይሎቿን ሁሉ ሰውሮባት ኖሯል። ያ ወጣት ጎረቤቴ ሌሊቱን ደክሞ አወጣላት እንጂ የዓመት ድካሟ በእኔ እልከኝነት ሊጠፋ ነበር። «ማንን ይጎዳል?» ላልሁት ጥያቄ መልሱ በደጄ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት።

እንዲህ ያለው ነገር በዓለምም ላይ በብዙ እጥፍ ደርሷል። በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች ያሉትን ኮምፒዩተሮች ቈልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ጀመር። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ የያዙ ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። የሚያሳዝነው ግን ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው እርማት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ወጥቶ ነበር። ከተጠቁት መካከል ብዙዎቹ እርማቱ እያለ ያልተቀበሉት ናቸው።

ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ እሱን ጣለውና አዲስ ልግዛልህ» አለችኝ። ጎረቤቴ ግን «ጋሼ፣ አካሉ ጤነኛ ነውና አይጣል» አለ። ወደ ዊንዶውስ 10 እንዳናሳድገው የእርሱም መደበኛ እርማት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ መሣሪያ ይፈልጋል፤ የእኔው ያ የለውም። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን መረጠልኝ፤ እርሱም በነፃ የሚገኝ ነው። ሊኑክስን በ1983 ዓ.ም. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ዕድሜው ያን ጊዜ 21 ዓመት ነበር። ይህ ወጣት ሥራውን ሰውሮ አልያዘም፤ ማንም አይቶ ይነቅፈውና ያርመው ዘንድ በግልጥ አቀረበው። ስለዚህም ከየአገሩ የተነሡ ሰዎች እያረሙት እስከ ዛሬ ሳያረጅ ይኖራል።

ሥራውን ስንጀምር ጎረቤቴ አስቀድሞ ጽሑፎቼንና ፎቶግራፎቼን ሁሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገለበጠ። ቀጥሎም አዲሱን ሥርዐት ሳይጭነው ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ማተሚያውም ድምፁም እንደሚሠራ ፈተነ። የቀድሞውን ያጠፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዲሱ ከገባ በኋላ የጥንት ጽሑፌን ብከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ታየኝና ደነገጥሁ። እርሱ ግን «ጋሼ፣ አልጠፋም፤ የተጻፈበት የድሮ የግዕዝ ፊደል እዚህ ስለሌለ ነው» ብሎ ፊደሉን ፈልጎ ቢያስገባው፣ አማርኛዬ እንደ ነበረ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ሥርዐት ያስተምረኝ ጀመር። አንድ ቀን ግራ ገብቶኝ አንዱን ስጫን «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለኝ። ይህ ቃል አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለሰኝ።

በ1977 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን የአፍሪካን አገሮች ስም ከካርታ ላይ ሳስተምር «አፐር ቮልታ» ብዬ አነበብሁ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ተሳስተዋል፤ የአገሩ ስም ቡርኪና ፋሶ መባሉን በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለ። እኔም «መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው!» ብዬ እስከ ደወል ድረስ በፊታቸው አንበረከክሁት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከጋዜጣ ላይ እውነቱን አገኘሁ፤ ስሙ የተለወጠው ሐምሌ 28 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ካርታውን በቀለም አረምሁት። ለልጁ ግን አንድ ቃል አልነገርሁትም። ካርታውን አረምሁ፤ ራሴን ሳላርም ቀረሁ። ያ ልጅም ዓመቱን ሙሉ እጁን ዳግመኛ አላወጣም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ፤ ነገር ግን ዛሬ ከተጣለው ከዊንዶውስ 7 ይልቅ ያረጀሁ ነበርሁ። እርሱ እርማት ያጣው የሚልክለት ስለ ታጣ ነው፤ እኔ ግን እርማቱ በደጄ ቆሞ ሳለ አንበረከክሁት።

ምናልባት «አዲስ የመጣውን ሁሉ እንቀበል ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። እርማት ጥፋቱን ለይቶ ያቃናል፣ ደኅናውን ይጠብቃል፤ ፋሽን ግን ደኅናውን አስጥሎ ሌላ ያስገዛል። የምትለዩትም በዚህ ነው፦ አዲሱ ነገር ሲመጣ የትኛውን ስሕተት እንደሚያቃና ጠይቁት፤ መልስ ካጣ ይለፋችሁ። መልስ ካለው ግን እንደ ጎረቤቴ አድርጉ፤ ይኸውም ሊጠፋ የማይገባውን አስቀድማችሁ አኑሩ፣ ፈትኑ፣ ከዚያ በኋላ ለውጡ። ለመለወጥ ብሎ የአባቶቹን ጽሑፍ የሚደመስስም፣ ላለመለወጥ ብሎ የጎረቤቱን ልጅ ድካም የሚያጠፋም ሁለቱም በደለኞች ናቸው።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል። እኔ ጋን ነኝ ብዬ ጠጠሩን የወረወርሁ ሰው ነበርሁ፤ ዛሬ ግን ይህን የምጽፈው በዚያው በታደሰው ላፕቶፕ፣ አንድ ወጣት ባስተማረኝ መንገድ ነው። ያ ተማሪዬ በሕይወት ካለ ዛሬ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ጽሑፍ ቢደርሰው፣ ያን ቀን ትክክል የነበረው እርሱ መሆኑን ይወቅልኝ፤ ይቅርታም ያድርግልኝ። እናንተም ልጆቼ፣ «ተሳስተሃል» የሚላችሁን ሰው ከማንበርከካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ካርታውን ተመልከቱ።