እሷን ሊይዝ ሄዶ



ዛሬ አንድ አጭር ታሪክ ልንገራችሁ። ለትምህርት የቀረበ ምሳሌ ነው፤ የማንንም ስም አይጠራም። ስታነቡት የምታውቁት ሰው ትዝ ቢላችሁ ግን አይግረማችሁ፤ እንዲህ ያለ ቤት በየከተማችን አለ።

ሻኪሶን ታውቋታላችሁ። በጉጂ ዞን ያለች፣ በወርቋ የምትታወቅ ከተማ ናት። የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን በእሷ አቅራቢያ ነው። ከትልቁ ማዕድን ሌላ በአካፋና በገበቴ ወርቅ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ብዙ ነው። «ሦስት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይመጣል። ሦስት ወሩ ግን ዓመት ይሆናል።

የታሪካችን ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ነገሌ ቦረና ናቸው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይደውል፣ ገንዘብም ይልክ ነበር። ወርቁ ሲጠፋ ብሩም ስልኩም ቀነሰ። በዚህ መሀል ምሳ በሚበላበት ቤት ከምትሠራ ሴት ጋር ተግባባ። በሰላምታ ተጀመረ። ከዚያ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የሌሊት መልእክት፣ በመጨረሻም ሐራም። ለራሱ ግን «ብቸኝነቱ ነው» እያለ ያልፈው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ጓደኛው ከነገሌ ደወለለት። «ወንድሜ፣ ልደብቅህ አልቻልኩም። ከዒሻ በኋላ አንድ ወንድ ከቤትህ ሲወጣ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ» አለው። ደሙ ፈላ። ለማንም ሳይናገር ወደ ነገሌ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሌሊት ደርሶ በድንገት መግባትና እጅ ከፍንጅ መያዝ።

ጋቢና ውስጥ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ቤተሰቦችህ መምጣትህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም አባባ። ማወቅም የለባቸውም።»

ሽማግሌው ፊቱን አይተው ነገሩ ገባቸው። «እንግዲያው መስጂድ አብረን እንደር» አሉት። «ረሱል ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ከሩቅ የመጣ ሰው ቤተሰቡን ጠርጥሮ፣ ጥፋታቸውን ፍለጋ በሌሊት ድንገት እንዳይገባባቸው ከልክለዋል። ሚስትህ ንጹሕ ከሆነች ጠዋትም ንጹሕ ናት። ካልሆነችም፣ ቢላ ይዞ ከሚገባ ባል ፈጅር ሰግዶ የሚገባ ባል ይሻላል።»

መስጂድ አደሩ። ፈጅርን ሰገደና ደወለ። በሩን ስትከፍትለት ክስት ብላለች። ልጆቹ ተጠመጠሙበት። ቡናው እየተፈላ ሳለ የአህያ ጋሪ የያዘ ልጅ በር ላይ ቆመ፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። የማታ ማታውን ውሃ ሒሳብ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ቀን ትምህርት ስላለው ጄሪካኖቹን የሚያዳርሰው ከዒሻ በኋላ ነው። ባሏ ገንዘብ ሲያቋርጥባት በዱቤ ያመጣላት ነበር። ጓደኛው ያየው «ወንድ» ይህ ልጅ ነበር።

ሰውየው እፎይ አለ። እፎይታው ግን ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ አልቆየም። ሚስቱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ልትሰካለት ስትል መልእክት ገባ። ከሻኪሶ ነው። ቃሉ ሚስት ለባሏ የምትጽፈው ዓይነት ቃል ነው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ነገሌ ሌሊት ደርሶ ለምን መስጂድ እንዳደረ አልጠየቀችውም ነበር፤ አሁን ገባት። «እኔን ልትይዝ መጣህ፤ አላህ አንተን ያዘህ» አለችውና ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች።

አልካደም። «እሷ ናት የደወለችልኝ» ብሎም በሌላ አላሳበበም። ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። እሷም የምትፈልገውን ተናገረች፦ ከሴትየዋ ጋር ያለውን ነገር ይቁረጥ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያድርግ፣ ወይ እዚህ ይሥራ ወይ እኛን ይዞን ይሂድ። ሽማግሌዎቹ «በቃ ይቅር በይው» ሲሏት «ይቅር እለው ይሆናል፤ ዛሬ ግን አትጠይቁኝ» አለች። በአምስተኛው ወር ተመለሰች።

ታሪኩ ይኸው ነው። ከእኛ ምን ይፈልጋል?

መጀመሪያ፣ ያ ጓደኛ እኔና አንተ ነን። ውሸት አልተናገረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ግን ጥላ አይቶ ዚና ብሎ ተረጎመው። አላህ ንጹሕ ሴትን በዚና የሚከስ ሰው አራት ምስክር እንዲያቀርብ የጠየቀው በሱረቱ አን-ኑር ነው። በዚያው ሱራ አንቀጽ 12 ላይ ምእመናን እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ ለምን በጎውን እንዳልጠረጠሩ ይወቅሳል። ይህ የወረደው በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ በተወራው ውሸት ጊዜ ነው። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ ከሠራዊቱ ወደ ኋላ ቀረች፤ ሰፍዋን ኢብኑ ሙዐጠል አገኛትና በግመሉ ላይ አስቀምጦ አመጣት። ይህን ብቻ ይዘው ሙናፊቆች ስሟን አጠፉ። ንጽሕናዋ በወሕይ እስኪወርድ ድረስ አንድ ወር ያህል አለፈ። እስቲ አስቡት፤ የረሱል ቤት እንኳ በወሬ አንድ ወር ታመመ። የእኛ የስክሪንሾት ወሬስ የስንቱን ቤት ያፈርስ ይሆን?

ሁለተኛ፣ ርቀትን አትናቁት። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ ዘምቶ የራቀባት ሴት ስታማርር ሰሙ። ልጃቸውን ሐፍሷን ሴት ያለ ባሏ ምን ያህል ልትታገሥ እንደምትችል ጠይቀው፣ ወታደሮች ከጥቂት ወራት በላይ ከቤታቸው እንዳይቆዩ እንዳዘዙ ተዘግቧል። ያውም ጂሃድ ላይ ያሉ ሰዎች! ለወርቅም ይሁን ለዐረብ አገር ሥራ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት «መቼ ነው የምንገናኘው?» የሚለውን ቁርጥ አድርጉት። ብር መላክ ትዳርን መጠበቅ አይደለም። ሽማግሌው የነገሩትን ሐዲስ ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቤትህ ስትገባ እንደ ባል ግባ፤ እንደ ፖሊስ አትግባ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ይቅርታ የተበዳይ ስጦታ እንጂ የበዳይ መብት አይደለም።

በዚያ ውሸት ላይ ከተሳተፉት አንዱ ሚስጠሕ ነበር። የአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመድ ነው፤ ድሃ ስለነበር የሚረዱት እሳቸው ነበሩ። የገዛ ልጃቸውን ስም ሲያጠፋ አቡበክር ከእንግዲህ አልረዳውም ብለው ማሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? አላህ ግን በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 22 ላይ ይቅር እንዲሉ ጠራቸው። አጠራሩን አስተውሉ፤ አላህ ለእናንተ ምሕረት እንዲያደርግ አትወዱም ወይ ብሎ ነው የጠየቃቸው። አቡበክርም እንደሚወዱ ተናግረው እርዳታውን መለሱለት። ግን ሚስጠሕ የስም ማጥፋቱን ቅጣት እንደተቀበለም ተዘግቧል። ይቅርታውም ነበር፤ ተጠያቂነቱም ነበር። አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

ስለዚህ አንተ የበደልክ ወንድሜ፣ አንቺም የበደልሽ እህቴ፣ «አላህ እንኳ ይምራል፣ አንቺ ማነሽ?» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። አላህ መሓሪ መሆኑ እውነት ነው። ተውበት ግን ኃጢአቱን መተው ነው፣ መጸጸት ነው፣ ላለመመለስ መቁረጥ ነው፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ። የሰበርከውን እምነት በአንድ «አፉ በይኝ» አትመልሰውም። ቁጣዋን ቻል፤ ስትጠይቅህ እውነቱን መልስ፤ ጊዜ ስጣት። አላህ የሸፈነልህን ኃጢአት ደግሞ ጓደኛ ሰብስበህ አታውራው።

አንቺ የተበደልሽ እህቴ፣ አንተም የተበደልክ ወንድሜ፣ ማንም አያስቸኩላችሁ። ልባችሁ ቢቆስል ኢማናችሁ ጎደለ ማለት አይደለም። ዓኢሻ ንጽሕናዋ በወረደ ሰዓት እናቷ ተነስታ ረሱልን እንድታመሰግን ሲነግሯት አልነሳም አለች፤ የማመሰግነው አላህን ብቻ ነው አለች። የዚያች ታላቅ ሴት ልብም ቆስሎ ነበር። ሸሪዓችን ለመታረቅ በር እንደከፈተ ሁሉ ለመለያየትም በር አለው፤ መለያየትን የመረጠ ሰው ይቅርታ አያውቅም አይባልም። ግን ቂሙን ተሸክማችሁ አትኑሩ፤ ሸክሙ የሚያጎብጠው ተሸካሚውን ነው።

ገና ያላገባችሁት ደግሞ «ይህ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» አትበሉ። የዚያ ሰው ትዳር የተሰነጠቀው ነገሌ አይደለም፤ ሻኪሶ ላይ የመጀመሪያዋን የሌሊት መልእክት የላከ ቀን ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምትለምዱት ነገር ነገ ኒካሕ ስታስሩ በአንድ ቀን አይለቃችሁም። ዓይናችሁንና ጣታችሁን ከአሁኑ ጠብቁ።

በዚህ ጁሙዓ አንድ ነገር እናድርግ። ሰው ስለ ሰው ሚስት ወይም ባል የነገረን ወሬ ካለ እኛ ጋ ይቁም። የራቀ ቤተሰብ ያለን ዛሬ እንደውል፤ ስለ ብር ሳይሆን ስለ ደኅንነታቸው እንጠይቅ። የበደልነው ካለ ሳናሳብብ «አጥፍቻለሁ» እንበል።

ያ አላህ! ቤቶቻችንን ከጥርጣሬና ከክህደት ጠብቅልን። የበደልነውን ተውበት ወፍቀን፤ የተበደልነውን ልባችንን ጠግንልን። በስደት በሥራ የተራራቁትን በሐላል አገናኛቸው። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን ማንበብና በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ።