የባንክ ደብተርና የወጣት ክርስቲያን ታማኝነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ከመንፈሳዊ ሕይወት የራቀ ይመስል ይሆናል። ይኸውም አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የባንክ ሒሳብ ስለ መክፈቱ ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን ስለ ገንዘብ ደጋግሞ በምሳሌ ያስተማረው፣ የሰው ልብ ገንዘቡን ተከትሎ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ወጣቶች ይህ ጥያቄ ቀድሞ ይደርሰናል። ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የሰዉ ኑሮ ያው ነው። የሰበታ ልጅ ከፋብሪካው ሥራ፣ የሱሉልታ ልጅ ከወተቱና ከድርቆሹ፣ የቡራዩ ልጅ ከሱቁና ከገበያው ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጥቂት ብር ይይዛል። ያ ብር የት ይቀመጥ?

አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛ ብራቸውን በገንቦ አድርገው መሬት ይቀብሩ ነበር። በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈት ገንዘብን ለባንክ አደራ መስጠት ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬም በነጠላ ጫፍ የሚቋጥር፣ በፍራሽ ሥር የሚደብቅ አለ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አንዱን መክሊት የቀበረውን አገልጋይ እናስታውስ። እርሱ ከአደራው ምንም አላጎደለም፤ ሙሉውን መልሷል። የተወቀሰው በፍርሃቱና በስንፍናው ነው። ጌታውም ቢያንስ ለገንዘብ ለዋጮች ሰጥተኸው ቢሆን ከትርፉ ጋር እቀበለው ነበር ብሎ ገሠጸው። ሊቃውንት መክሊቱን ለጸጋ ይተረጉሙታል፤ ነገር ግን በጥቂት ብር ያልታመነ በጸጋው እንዴት ይታመናል?

«ወለድ መቀበል ኃጢአት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። የሙሴ ሕግ የከለከለው በችግረኛ ወንድም ላይ አራጣ መጫንን ነው። ይህ ዛሬም ክፉ ነው። አስቀማጭ ግን ድሀውን አላስጨነቀም። ኅሊናው የሚከብደው ቢኖር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ባንኮችም ከወለድ ነፃ የሆነ ሒሳብ አላቸው። ደግሞም ወለዱ ባለጸጋ ያደርገኛል ብሎ ማንም አይታለል። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ የሚቀድመው ጥቅም ገንዘቡ ከእጃችንና ከምኞታችን መራቁ፣ እኛም መጠንን መልመዳችን ነው። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቷል። በሳምንት 200 ብር የሚያገኝ ወጣት 20 ብር ለአሥራት ለይቶ 40 ብር ቢያስቀምጥ በዓመት 2,080 ብር ይኖረዋል። ለደብተርና ለዩኒፎርም የሌላ እጅ አያይም።

ሆኖም ሒሳብ መክፈት የታማኝነት ፈተና አለበት። ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛ፤ ዕድሜ ነው። በሕጋችን አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን አልደረሰም፤ ሒሳቡን በአብዛኛው የሚከፍተው ከወላጁ ወይም ከሞግዚቱ ጋር ነው። መጠበቅ ታክቷቸው በመታወቂያቸው ላይ ዕድሜ የሚያስጨምሩ አሉ። ወጣት ሆይ፤ በሕይወትህ የምታኖረው የመጀመሪያ ፊርማ በሐሰት ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ሁለተኛ፤ ስምህን አታከራይ። «ገንዘብ በሒሳብህ ይግባልኝ፤ አውጥተህ ስጠኝ፤ ድርሻህን ውሰድ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የተሰረቀ ገንዘብ ማሻገሪያ ሊያደርግህ ይችላል። የምስጢር ቁጥርህን ለጓደኛም ቢሆን አትስጥ። በደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም አንተን ብቻ ሳይሆን ያሳደጉህን ጭምር ያስጠራል።

ሦስተኛውና ከባዱ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ነው። ለትምህርት ያጠራቀምኸው ብር ባንክ ሳለ በቤት ዱቄት ቢያልቅ ምን ታደርጋለህ? ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «ቁርባን ነው» እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚከለክሉትን ነቅፏል። ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ማለት እንኳ ከወላጅ ፊት መሸሸጊያ ካልሆነ፣ «ባንክ ገብቷል» ማለትማ እንዴት ይሆናል? እናትህ ሳትራብ ደብተርህ አይሙላ። ወላጆች ሆይ፤ እናንተም ልጁ ደክሞ ያመጣው የልጁ መሆኑን አትርሱ፤ ሞግዚት ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ሳይነግሩት ወጥቶ ቢያገኘው የሚጎድለው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በእናንተ ላይ ያለው እምነትም ነው። ስለዚህ ደብተሩ ሳይከፈት በፊት ለምን እንደሚቀመጥ፣ በምን ጊዜ እንደሚወጣ አብራችሁ ተነጋገሩ።

በመጨረሻም ጎተራውን ሊያሰፋ አስቦ በዚያው ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀውን ባለጸጋ አንርሳ። ሁለት ሣንቲም የሰጠችው መበለት ግን የምታስቀምጠው ሳይኖራት በሰማይ አስቀመጠች። ቆጥበን እንማር፤ ተምረን እንርዳ፤ ስንረዳም ስማችን በሁለቱም መዝገብ በእውነት ተጽፎ ይገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።