ያልተጠየቁ ፊቶች

ጃኮብ ሪስ «ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚኖር» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ሠራተኛና ስደተኛ በብዛት የሚኖረው ክፍል በክፍል ተሸንሽነው በሚከራዩ ፎቆች ውስጥ ነበር፤ ከክፍሎቹም ብዙዎቹ መስኮት አልነበራቸውም። ሪስ በ1849 በዴንማርኳ ሪበ ከተማ ተወልዶ በ1870 አሜሪካ ገባ። ሥራ አጥቶም በፖሊስ ጣቢያ ማደሪያ ክፍል ከከርታታው ጋር አድሯል። ከ1877 ጀምሮ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆነ፤ ቢሮው መልበሪ ጎዳና ላይ፣ ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ስለነበር ጭርንቁሱ ሰፈር የዘወትር ውሎው ሆነ። በ1887 ጀርመን ውስጥ ስለተሠራው፣ በጨለማ ፎቶ ለማንሳት ስለሚያገለግለው የፍላሽ ዱቄት ሲያነብ፣ ለዓመታት በጽሑፍ ሲያወራው የኖረውን ጨለማ በዓይን የሚያሳይበት መንገድ አገኘ።

ስለ ሪስ የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አንዱ ወገን ለድሃ ቤት የታገለ ባለውለታ አድርጎ ያከብረዋል። ሌላው ደግሞ በሌሊት የሰው በር እየገፋ የተኛን በብርሃን ያስደነገጠ፣ ስደተኛውንም በዘሩ የመደበ ሰው ነው ይለዋል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው፤ ስለዚህ ሪስ ደግ ነበር ወይስ ክፉ የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ድህነትን ማሳየትና ድሃን ማሳየት አንድ ናቸው ወይ? ካልሆኑስ ድንበራቸው የት ላይ ነው?

ከፎቶግራፎቹ ሁሉ ጥያቄውን አጉልቶ የሚያወጣው በቤያርድ ጎዳና የተነሳው ነው። ክፍሉ በየትኛውም ጎኑ አራት ሜትር አይሞላም። ሪስ እንደጻፈው አሥራ ሁለት ወንዶችና ሴቶች አድረውበታል፤ ጥቂቱ በቆጥ አልጋ፣ ቀሪው ወለል ላይ። የአንድ ሰው መኝታ አምስት ሳንቲም ነው። ጓዝና ጫማ እንደነገሩ ተከምሯል፤ ከእንቅልፉ የባነነው ሰው ዓይን በብርሃኑ ተወናብዷል። ማንም ስሙን አልተጠየቀም፤ ማንም ለመነሳት እሺ አላለም።

ሪስ በ1901 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ እንዲህ ያለውን የሌሊት ፍተሻ ውጤት ይነግረናል። ለከተማዋ ጤና ቦርድ የቀረበው የቃል ሪፖርት ብዙም ሰሚ አላገኘም፤ ገና ውኃው ያልደረቀለት የፎቶ ኔጌቲቭ ሲመጣ ግን ክርክር አበቃ። የሪስ ደጋፊዎች ጠንካራው መከራከሪያም ከዚህ ይነሳል። ፈቃድ ይጠየቅ ቢባል ኖሮ ፎቶግራፍ አይኖርም ነበር፣ ፎቶግራፍ ባይኖር ሕግ አይኖርም ነበር ይላሉ። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ደባሉ «አልነሳም» ቢል ማን ነው የተናገረው? ነገ አስወጥቶ የሚጥለውን አከራይ የሚፈራ ሰው የሚሰጠው እንቢታ ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም፤ ግማሹ የአከራዩ ነው። እንዲህ ያለውን እንቢታ ማክበር ጨለማው የሚጠቅመውን ሰው ማክበር ሊሆን ይችላል።

መከራከሪያው ግን ወደ ሌላም ወገን ይዞራል፤ ፍርሃት እንቢታን ካበላሸ፣ ችግር ደግሞ እሺታን ያበላሻል። የሪስ መጽሐፍ ራሱ ለዚህ ሁለት ምሳሌ አለው። የአንድ ዱርዬ ቡድን ልጆች ፎቶ ሊያነሳቸው ሲጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ተነሱ፤ ሰካራምን እንዴት እንደሚዘርፉም ተውነው አሳዩት። ፈቃዳቸውን ሰጡ፣ የሰጡት ምስል ግን ተመልካቹ አስቀድሞ ሊያይ የሚጠብቀውን ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ ሸክላ ፒፓ የሚያጨስ ከርታታ ነው። ሪስ ለፎቶው አሥር ሳንቲም ሊሰጠው ተስማሙ። ሰውዬው ካሜራውን ሲያይ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ፒፓዋ በውሉ የለችም፣ እሷም ትነሳ ከተባለ ሃያ አምስት ሳንቲም ያስከፍላል አለ። ሪስ ከፈለ፤ ታሪኩን የሚያወራው ግን የሰውዬውን ስንፍናና ብልጣብልጥነት ለማሳየት ነው።

በዚህ ላይ የሪስ ፍርድ ልክ አይመስልም። በመጽሐፉ ውስጥ ከሚታዩት ድሆች ሁሉ ምስሉ ዋጋ እንዳለው የገባውና ስለዋጋው የተከራከረው ይህ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ንግድ የሚባለው ለእሱ ነውር የሆነው ድሃ ስለሆነ ብቻ ነው። ቤያርድ ጎዳና የተኙት ማስረጃ ነበሩ፤ ባለፒፓው ግን ለአፍታ ተዋዋይ ሆነ። ስለዚህ ድንበሩ ፈቃድ በመጠየቅና ባለመጠየቅ መካከል ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ሰው ስለራሱ የሚለው ቦታ አለው ወይ በሚለው ላይም ነው።

ሪስ ራሱ ይህን ቦታ ለራሱ አግኝቷል። በፖሊስ ጣቢያ ባደረባት ሌሊት የአንገት ጌጡን ተሰርቋል፤ ይዞት የነበረውን ውሻም ፖሊስ ደብድቦ ገድሎበታል። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ቂሙን ለቴዎዶር ሩዝቬልት ነገረው፤ ያኔ የከተማዋ ፖሊስ ቦርድ ፕሬዚዳንት የነበረው ሩዝቬልትም በ1896 ማደሪያዎቹን ዘጋ። ማደሪያዎቹ አስከፊ ነበሩ። ሆኖም የተሰማው የቀድሞው አዳሪ ነው፤ በዚያው ዓመት በየወለሉ የሚተኙት አልተጠየቁም። ድህነትን የቀመሰ ሰው መናገሩም ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው።

የመጽሐፉ ሐሳብ ራሱ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንደኛው ክር ሰውን የሚያበላሸው ቤቱ ነው ይላል፦ ጨለማው፣ ጥበቱ፣ የአከራዩ ስስት። ሌላው ክር ቻይናውን፣ ጣሊያኑን፣ አይሁዱን በየተራ እያነሳ ለእያንዳንዱ ጠባይ ያወጣለታል። ጥፋቱ የቤቱ ከሆነ የዘር ጠባይ ምን አገባው? ፍሬ ያፈራው የመጀመሪያው ክር ብቻ ነው። በ1901 የኒውዮርክ ግዛት ያወጣው የኪራይ ፎቆች ሕግ ስለ ማንም ጠባይ አይናገርም፤ በአዲስ ፎቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጸዳጃ ይኑረው፣ ጨለማ ክፍል መስኮት ይከፈትለት ይላል። ሪስ ያጋለጠው ጭርንቁሱ የመልበሪ ቤንድ ሰፈር ደግሞ ፈርሶ በ1897 መናፈሻ ሆነ። መናፈሻው ለሳንባ ጥሩ ነበር፤ የተነሱት ነዋሪዎች ግን በዚያው ቦታ ቤት አልተተካላቸውም።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሩቅ አይደለም። በጥቅምት እ.ኤ.አ. 1984 የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳው የረሃቡ ፊልም በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም እጁን ዘረጋ፤ ሕይወትም ተርፏል። ያን ተከትሎ የመጣው ትችት ግን የአውሮፓ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች በ1989 ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ እንዲያጸድቁ ገፋፍቷቸዋል። እዚህም የደጋፊው መከራከሪያ አንድ ነው፦ አስቸኳይ ነበር።

አስቸኳይነት እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ግን ጊዜ ያልፍበታል። በ1890ው መጽሐፍ ከሪስ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የታተሙት በእጅ ሥዕል ተገልብጠው ነበር። ኔጌቲቮቹ ተረስተው ቆይተው ፎቶግራፈሩ አሌክሳንደር አላንድ በ1940ዎቹ ሲያፈላልጋቸው ተገኙ፤ በ1947ም በኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ጥርት ብለው ታተሙና ለእይታ ቀረቡ። ያኔ የኪራይ ፎቆቹ ሕግ ከወጣ አርባ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ የጤና ቦርዱን ማሳመን አያስፈልግም። በቤያርድ ጎዳና የባነነው ሰው መጀመሪያ የታየው ለአስቸኳይ ጉዳይ ነበር፤ አሁን የሚታየው ለጥበብና ለታሪክ ነው። በሌሊት በሩን መግፋት ለመጀመሪያው ምክንያት ይቅር ይባል ይሆናል። ለሁለተኛው ግን ያው ይቅርታ አይበቃም፤ ፎቶውን የሚያሳየው ተቋም ሪስ ከሰጠው የተለየ የራሱን ምክንያት ማቅረብ አለበት።